ሁለት ጣት ምርቃት

ጠረጴዛው በፒክአፕ ተጭኖ መጣ፤ አራቱ እግሮቹ ደግሞ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ሆነው ተከተሉት። ባለቤቱ ካምፓላ ውስጥ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሚሠሩ የአዲስ አበባ ሰው ነበሩ። ከቡኮቶ ሰፈር ወደ ንቲንዳ ሰፈር ቤት ሲቀይሩ ጠረጴዛው በአዲሱ ቤት በር አልገባም አለ። በግራ ሞከሩት፣ በቀኝ ሞከሩት፣ አጋደሙት፤ እምቢ። በመጨረሻ ተሸካሚዎቹ ከጎረቤት መጋዝ ለምነው እግሮቹን ገንድሰው አስገቡት። አሁን የመጡት እንዲቀጠሉላቸው ነው። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ሰውየው ግን ፈገግም አላሉ።

ጠረጴዛውን የሠሩት ጋሼ ናቸው። ጋሼ የምላቸው የወርክሾፑን ባለቤት ነው፤ ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድመው በኬንያ በኩል ዞረው ዩጋንዳ የገቡ አናጢ። ኪሰንዪ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከታክሲ ተራው ጀርባ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነበራቸው። አልጋ፣ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ፣ ብቻ ብረትና እንጨት የሚገናኙበትን ነገር ሁሉ ይሠራሉ። እኔ ባለቤቴን የአየር መንገድ ሥራ ካምፓላ ሲያመጣው ተከትዬው የመጣሁ ነኝ። አዲስ አበባ በአንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ንድፍ አነሳ ነበር። እዚህ ቡኮቶ ፎቅ ላይ ተቀምጦ መንገደኛ ማየት ሲሰለቸኝ ጋሼን ለምኜ ወርክሾፓቸው መዋል ጀመርኩ። ሥራዬ ምን እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም።

«ከተከመረው እግር መርጠን እንግጠምላቸውና ይሂዱ» አልኩ። ጥግ ላይ ለሌላ ሥራ የተዘጋጀ የጠረጴዛ እግር ክምር ነበር። አንዱን ሳነሳ ወፍራም፣ ሌላውን ሳነሳ ሸንቃጣ፤ አንዱ ወገቡ ገባ ያለ፣ አንዱ ቀጥ ያለ። አራት ተመሳሳይ እግር ከዚያ ሁሉ ክምር ጠፋ። ለካስ ግቢው ውስጥ ያሉት አናጢዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው እጅና የየራሳቸው ምርጫ ነበራቸው። ሁሉም ጎበዝ ናቸው፣ ግን አንዱ የሠራው ከሌላው ጋር አይተዋወቅም። ጋሼ ደግሞ ይህን እንደ ጉድለት አያዩትም፤ ሁሉንም ነገር በዓይናቸው ይለካሉ፣ ያ ዓይን ደግሞ ስቶ አያውቅም።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንዲት የኤምባሲ ሠራተኛ ቤቷ ምሳ ጋብዛን «ጥሩ ወንበር የሚሠራ ሰው አታውቂም ወይ» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ስትጠይቀኝ የተቀመጠችው በጋሼ ወንበር ላይ ነው። ከማን እንደተገዛ አታውቅም፤ ምን አይታ ትወቅ? ንቲንዳ ያለው የጋሼ አልጋና ቡኮቶ ያለው ጠረጴዛቸው ከአንድ እጅ የወጡ አይመስሉም። በየቤቱ የጋሼ ሥራ ሞልቷል፤ ጋሼ ግን የትም የሉም።

በዚያው ቅጽበት ዓይኔ ተከፈተ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት እግር ቢሆንስ? አልጋውም፣ ጠረጴዛውም፣ መደርደሪያውም ከጥቂት ክፍሎች ቢሠሩ፤ አንድ እግር፣ አንድ አግዳሚ፣ አንድ ጣውላ፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ብሎን የሚታሰሩ ቢሆኑ? በር ላይ ሲደርሱ ይፈታሉ፣ ውስጥ ሲገቡ ይታሰራሉ። አንዱ ቢሰበር ያው ክፍል ይተካለታል። መልካቸው ደግሞ የእህትማማች ይሆናል፤ ያየ ሁሉ «ይህ ከዚያ ኪሰንዪ ካለው ቤት ነው» ይላል። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጣቶቼ በራሳቸው ጉልበቴ ላይ ይስሉ ነበር። ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ የያዙትን ማቶኬ፣ ያን የሚቀቀል ሙዝ፣ ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን የምግብ ጠረጴዛ ላይ ምግብ አልቀረበም። ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ የተቆራረጠ ካርቶን ብቻ። ባለቤቴ ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ እየበላ «እኔን ደግሞ ፈትተሽ እንዳትገጥሚኝ» ይለኛል። ቢያስቀኝም ቀና አላልኩም። ትልቁ ጥያቄ ልኩ ነበር። ብረቶቹ ላይ የሚበሱት ቀዳዳዎች በየስንት ይራራቁ? ሰው ሳይነግሩት የሚገባው ልክ ፈልጌ ጋት ላይ ቆምኩ፤ አራት ጣት ገጠም ተደርጎ የሚለካው ጋት። ቀዳዳ ሁሉ ከቀዳዳ አንድ ጋት ይርቃል፤ ቁመትም፣ ወርድም፣ ከፍታም በጋት ይቆጠራል፤ ግማሽ ጋት የሚባል የለም። ሥዕሎቹን ጎን ለጎን ስዘረጋቸው አልጋው ከጠረጴዛው፣ ጠረጴዛው ከመደርደሪያው ጋር እየተያየ ቁጭ አለ። ደስታው እንቅልፍ ነሳኝ።

ጋሼ ዘንድ የሄድኩት ሥዕል ይዤ አይደለም፤ ሥዕል አይወዱም። ካርቶኑን በቀጭን በቀጭኑ ቆርጬ፣ በየጋቱ ልክ አሳንሼ በስቼ፣ የወረቀት ማያያዣ ሰካሁበትና ፊታቸው ዘረገፍኩት። በዚያ ወፍራም ጣታቸው አንስተው አልጋ ሠሩ። ፈቱት፣ ወንበር አደረጉት። ፈቱት፣ መደርደሪያ አደረጉት። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ ሰው ሲጠራቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። አልኩ በሆዴ፣ አለቀ፣ ገብተውበታል።

አልገቡበትም። ካርቶኑን ሰብስበው መለሱልኝና «ቆንጆ ነው» አሉ። «ግን ሁሉም አንድ ከሆነ እኔ የት ነኝ?»

«ሁሉም ውስጥ ነዎት፤ አሁን ነው የትም የሌሉት» አልኳቸው። ምላሴ ይቀድመኛል። ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ፤ እሳቸው ግን አልተቆጡም፣ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ራሳቸው ጠሩኝ። ንቲንዳ አንድ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት አዲስ ማደሪያ ሊከፍት ነው፤ ለአንድ ሙሉ አዳራሽ አልጋና ልጆቹ ዕቃቸውን የሚቆልፉበት ሎከር ይፈልጋል። «ይህን በአንቺ መንገድ እንሠራዋለን» አሉ። «ከሰመረ ቤቱ ሁሉ በዚህ ይሄዳል። ካልሰመረ ግን ሁሉም ወደ የራሱ እጅ ይመለሳል፣ አንቺም ወደ ቤትሽ። ያኔ ቅር እንዳትሰኚ፤ አሁኑኑ እየነገርኩሽ ነው።»

«ይሁን ጋሼ» አልኩ። ወደ ቤትሽ ማለት ግን መንገደኛ ወደማይበት መስኮት ማለት ነበር።

መጀመሪያ የተሠራው ፎርማው ነው፤ በየጋቱ የተበሳ ወፍራም ብረት። ቱቦላሬው፣ እግርና አግዳሚ የሚሆነው የብረት ቱቦ፣ ላይ ይታሰርና የመብሻ ማሽኑ ትራፓኖ በፎርማው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይበሳል፤ ማንም ይብሳው ማን ቀዳዳው አይሳሳትም። የመጀመሪያው አልጋ የቆመበትን ቀን መቼም አልረሳውም። ብሎኑን አንድ በአንድ ከተትን፣ ዳዶውን አጠበቅን፣ አልጋው ቀጥ ብሎ ቆመ። ዋና አናጢያቸው፣ ረጅም፣ ቁጥብ የባጋንዳ ሰው፣ ከአልጋው ላይ አንድ አግዳሚ ፈትቶ ሎከሩ ላይ ሞከረው። ብሎኑ እዚያም ሰተት ብሎ ገባ። ቀና ብሎ አየኝና «ኛቦ፣ ሌላ አምጪ» አለኝ። ኛቦ እመቤቴ እንደማለት ነው፤ እስከዚያን ቀን በወጉ ሰላም ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ከዚያማ ግቢው አበደ። በያጁ ከተራረፈው አግዳሚ ወንበር ሠርቶ ተቀመጠበት። ሌላው ኮት መስቀያ ሠራ። መብራት በሄደ ቁጥር ሥራ ቆመ ብለው የሚያዝኑ መስሎኝ ነበር፤ እነሱ ግን ቁልፍና ብሎን ይዘው ምን እንደሚገጥሙ ይወራረዳሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እንኳ እየተጯጯሁ ይገጥማሉ። አንዱ መሰላል ገጥሞ ጣራው ላይ ወጣበት፤ ጋሼ «ውረድ አንተ» እያሉ ሲስቁ አየሁ። እኔ በበኩሌ እንደዚያ የተደሰትኩበትን ዘመን ለማስታወስ እቸገራለሁ። ሁሉንም ዕቃ አንድ ዓይነት ጥቁር አረንጓዴ ቀባነው፤ ማዕዘኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ክብ ሆነ። በረድፍ ሲቆሙ ልብስ እንደተገዛላቸው እህትማማቾች ነበሩ።

ጣውላዎቹ ተቆርጠው የሚያልቁበት ቀን እኔ አልነበርኩም። የባለቤቴ እንግዶች መጥተው ኢንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ልቀበላቸው ሄጄ ነበር። አልጋው ላይ የሚነጠፈው ጣውላ በብረቱ ክፈፍ ውስጥ ነው የሚተኛው፤ ናሙናውን ራሴ ገጥሜ አይቼዋለሁና ምንም አልሰጋሁም። በማግስቱ ጠዋት ዕቃው ተፈታቶ፣ በገመድ ታስሮ ፒክአፑ ላይ ተጫነ። ጋሼ ዞር ዞር እያሉ አዩትና «ማገዶ ይዘን የምንሄድ ነው የምንመስለው» አሉ። ሆኖም ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ነበር።

ንቲንዳ ስንደርስ የማደሪያው ኃላፊ በር ላይ ጠበቁን፤ መነጽር ያደረጉ፣ ቆፍጠን ያሉ ዩጋንዳዊት። የተፈታታውን ብረት አይተው «አልጋ ነበር ያዘዝኩት» አሉ በእንግሊዝኛ። «አሁን ያዩታል፣ ኛቦ» አልኩና እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ተማሪዎቹ እስካሁን የሚያድሩበት ክፍል ከአዳራሹ ጎን ስለነበር ልጆቹ በሩ ላይ ተኮለኮሉ። እግሮቹን አቆምን፣ አግዳሚውን አሰርን፣ ክፈፉ ደቂቃም ሳይፈጅ ቆመ። ኃላፊዋ ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። እኔ ክንፍ አወጣሁ። ከዚያ ጣውላዎቹን መደርደር ጀመርን፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ የመጨረሻው ግን አልገባም አለ።

ገልብጠን ሞከርነው። አልገባም። ከሌላ አልጋ ጣውላ አመጣን። እሱም አልገባም። እጄን ዘርግቼ ለካሁት፤ ሁለት ጣት ይተርፋል። የሌላውም ሁለት ጣት። የሁሉም አልጋ የመጨረሻ ጣውላ እንዲሁ።

«ማን ነው የቆረጠው?» አልኩ። አናጢው ጋሼን አየ። ጋሼ መሬት መሬቱን አዩ።

«እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት» አሉ። «ለየአልጋው አንድ አንድ ጣውላ ሁለት ጣት አስፍተህ ቁረጥ አልኩት። ትልቅ ደንበኛ ናቸው። ልጆቹም ሰፋ ብለው ይተኙ ብዬ ነው።»

አናጢው ደግሞ እኔን ለማብረድ «ኞንጌዛ ነው፣ ኛቦ» አለኝ። ኞንጌዛ እኛ ምርቃት የምንለው ነው፤ ቲማቲም ሲገዙ ሻጯ መርቃ ከላይ ጣል የምታደርጋት። እኛ አገር የለመደው ነጋዴ ሁሉ ይመርቃል፣ እዚያም ይመርቃል። ስለዚህ ጋሼ ሲያዙ አናጢው ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ ምርቃት ይቅር የሚል ማን አለ? በድሮው አሠራር ደግሞ ምንም አይጎዳም ነበር። ጣውላው ከሰፋ በያጁ ክፈፉን አስፍቶ ይከተለዋል፤ እያንዳንዱ ዕቃ ለራሱ ብቻ ነዋ። አሁን ግን ክፈፉ በጋት ቆሟል፣ ሁለት ጣት ደግሞ ግማሽ ጋት ነው።

ደሜ ፈላ። በአማርኛ የመጣልኝን ሁሉ ወረወርኩት። ግማሽ ጋት የለም አላልኩም ወይ፣ ያን ሁሉ ቀን ምን ስንሠራ ነበር፣ በሰው ፊት እንዲህ ታዋርዱኝ። ኃላፊዋ ቃሉ አይግባቸው እንጂ ነገሩ ገብቷቸዋል፤ አንዴ እኔን አንዴ ጣውላውን ያያሉ። ጋሼ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«እኔ ለሰው ልኩን ብቻ ሰጥቼ አላውቅም» አሉ ቀስ ብለው። «ልኩን ብቻ ሰጥቼ መሄድ ያሳፍረኛል። የአንቺ ነገር ቆንጆ ነው፣ ግን ለእኔ አይሆንም።» ወደ ሠራተኞቹ ዞረው «ጫኑት» አሉ። «እንደ ልማዳችን ሠርተን እንመልስላቸዋለን።»

አለቀ ማለት ይህ ነው። አንዱ ሠራተኛ ክፈፉን ለመፍታት ቁልፍ አነሳ፤ እንዴት ቶሎ እንደሚፈታ ሳይ ደግሞ የባሰ ተናደድኩ፣ ያስተማርኳቸው እኔ ነኛ። ፊቴን እንዳያዩብኝ ወደ ልጆቹ ክፍል በር ዞርኩ። እዚያ ውስጥ የልጆቹ ፎጣ መስኮት ላይ ተሰቅሏል፣ ዩኒፎርማቸው በምስማር፣ ሌላው በገመድ፣ ሌላው በበሩ አናት። ልብስ የሚሰቀልበት አንድም የረባ ነገር የለም። የእኛ ሎከርም የለውም፤ አላሰብኩበትም።

ተመልሼ አናጢውን «መጋዝ አምጣልኝ» አልኩት። ጋሼን አላስፈቀድኩም። ጣውላውን በሁለት ወንበር ላይ አጋድመን ትርፏን ሁለት ጣት በቁመቷ ሙሉ ሰነጠቅናት። ጣውላው ከክፈፉ ገብቶ ተኛ። በእጃችን የቀረው ሁለት ጣት ስፋት ያለው ረጅም ዘንግ ነው። ለሁለት ከፈልነው፤ አንዱ የአልጋው ወርድ ያህል፣ ሌላው የሎከሩ ጎን ያህል። ፎርማውን ለጥፌ በእጅ መብሻ በሳሁ፤ መጨረሻውን አናጢው ያዘልኝ። አንዱን ግርጌ በኩል በሁለቱ እግሮች መሐል፣ ሌላውን ሎከሩ ጎን ላይ ገጠምን። ቀዳዳው ከቀዳዳው ተገናኘ፤ ብሎኖቹ ሰተት ብለው ገቡ።

ኃላፊዋ ተጠጉ። ሹራባቸውን አውልቀው ግርጌው ላይ ሰቀሉት። ቦርሳቸውን ሎከሩ ላይ አንጠለጠሉ፣ ከዚያ ዘንጉን ይዘው በኃይል ጎተቱት። ንቅንቅ አላለም። ከበሩ ላይ አንዲት ልጅ ፎጣዋን ይዛ ሮጣ መጥታ ከሹራቡ ጎን ሰቀለችው፤ ማንም አልከለከላትም።

«ይህ በሁሉም አልጋ ላይ ይኖራል?» አሉ ኃላፊዋ።

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ጋሼ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው መለሱ። «በሁሉም። እሱ የእኛ ምርቃት ነው» አሉ፤ ምርቃት የሚለውን በአማርኛ። አናጢው «ኞንጌዛ» ብሎ ተረጎመላቸው፣ ሴትዮዋ ሳቁ። ሲስቁ ሳይ ደስታዬ ከሆዴ ተነስቶ ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ። ያንን ዘንግ አዲስ አበባ ዓመት ቢሰጡኝ ቁጭ ብዬ አላስበውም ነበር። የጋሼ ሁለት ጣት ባይኖር ኖሮ የልጆቹ ፎጣ ምስማር ላይ ይቀር ነበር።

ክፈፉን ሊፈታ የነበረው ሠራተኛ ቁልፉን እንደያዘ ቆሞ ነበር፤ ጋሼ በእጃቸው ምልክት «አጥብቀው» አሉት። ከዚያማ ሁሉም ተረባርቦ አልጋው በረድፍ መቆም ጀመረ፤ ልጆቹ ብሎን ያቀብላሉ፣ መጋዙ ያለማቋረጥ ይሄዳል። አዳራሹ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሲሆን ኃላፊዋ እየዞሩ አዩትና የምግብ አዳራሹም ባዶ እንደሆነ ነገሩን። «ጠረጴዛ እፈልጋለሁ» አሉ። «ግን ከእነዚህ ጋር ዘመድ የሆነ።»

ዘመድ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ እኔ አልነገርኳቸውም።

ጋሼ ነጭ ሸሚዛቸውን ረስተው መጋዝ ብናኙ ላይ ተንበረከኩ። ፎርማውን አንድ ረጅም ጣውላ ላይ አጋድመው እርሳሱን ከጆሯቸው አወረዱ፤ ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«የጠረጴዛው ወርድ ስንት ይሁን?» አሉኝ።

እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ በዓይናቸው የለኩ ናቸው። ልክ ማንንም ጠይቀው አያውቁም። ሰው ፊት ማልቀስ ስለማልወድ ቶሎ ብዬ «አሥር ጋት» አልኩ፤ ድምፄ ግን ሰለለብኝ።

«አሥር» አሉ። በፎርማው አሥር ጋት ቆጠሩ፣ መስመሩን አሰመሩ፣ ለምርቃት ከመስመሩ አልፈው የነበሩትን ሁለት ጣቶቻቸውንም ሰበሰቡ።